ቀለሙ ተሻገረ፣ አምፖሉ ቀረ

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አሁን አሁን የሐበሻ ቤት ግድግዳ አንድ ዓይነት ሆኗል። ግራጫ የገባበት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ያው ቀለም አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀብቶ ጠበቀኝ። የአክስቴ ልጅ ከቲክቶክ ላይ ፎቶውን አንስታ ለቀለም ቀቢው አሳይታው ነው።

እዚህ አሜሪካ ቀለሙ የተወደደው ስላማረ ብቻ አይደለም። ሰው ቤት ሲገዛ ነገ መሸጡንም ያስባል። ደማቅ ቀለም ገዢ ያሸሻል ይላሉ ደላሎቹ። ዚሎው የተባለው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ መታጠቢያ ቤታቸው ፈዛዛ ሰማያዊ የሆኑ ቤቶች ከተገመተው በ5,440 ዶላር በልጠው ተሸጡ ብሎ ነበር። ይህን የሰማ ማን ሮዝ ይቀባል?

አገር ቤት ግን የምንቀባው ለበዓል ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲኖር። አረንጓዴ ከሆነ ደህና አድርጎ አረንጓዴ ነው። ከላይ ክሬም፣ ከወገብ በታች የዘይት ቀለም። ይቺ የታችኛዋ እኮ ብልሃት ናት! የልጅ እጅ በለው የወጥ ፍንጣሪ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። እዚህ ፋሽን የሆነው የማያብለጨልጭ ቀለም ግን አንዴ ከፈተጉት ቦታው እያብለጨለጨ ያጋልጣል።

ወደ አያት ልመለስ። ቀን ቀን ቤቱ ያምራል። ማታ መብራት ሲበራ ግን ሳሎኑ የክሊኒክ ተራ መጠበቂያ መሰለኝ። ቀለሙ ምን አጠፋ? የአምፖሉን ካርቶን አየሁት፣ 6500 ኬልቪን ይላል። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ይሄኛው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ነው። ግራጫማ ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። አሜሪካ ሳሎን ውስጥ በብዛት የሚበራው ግን ቢጫው፣ 2700ው ነው። በቲክቶኩ ቪዲዮ ላይ ግድግዳው ሞቅ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

«ቢጫው እኮ ያደበዝዛል ጋሼ፣ ነጩ ነው የሚያበራው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ሱቁም የሚይዘው ነጩን ነው፣ አልፈርድባትም። ከዚህ ልላክላት ብል የአሜሪካ አምፖል የሚሠራው በ120 ቮልት፣ የኛ መብራት 220።

ለነገሩ ውጪውም ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ግራጫ በግራጫ ሆኗል። ውስጡንም ከደገምነው ዓይን የት ይረፍ? መርካቶ ፈልጋ 3000 የሚል አምፖል ካገኘች ጥሩ። እስከዚያው የእናቷን ቀይና ቢጫ ሰፌድ ከአልጋ ሥር አውጥታ ትስቀልበት። ሮዝ ግድግዳ ላይ ከቀለሙ ጋር ይጣላ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።