ጭብጨባ በዝምድና

አማተር ቴአትር የሚያየው ሰው ሁሉ የጥበብ ፍቅር ነድቶት ይመስላችኋል? እኔን የነዱኝ አክስቴ ናቸው። ልጃቸው በሦስተኛው ትዕይንት ደብዳቤ ይዞ ይገባና «ጌታዬ፣ ከከተማ የመጣ ነው» ይላል። ሚናው ይኸው ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ሲለማመዳት ስለ ከረመ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ሀ ሁ በቃሉ ይዟታል።

ቴአትር ቤቱ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። አሮጌ ነው ማለት ግን ነውር ነው፤ ታሪካዊ ነው የሚባለው። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አሮጌ ነው፤ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ሰሌዳ በሩ ላይ ከተመታለት በኋላ ካፈሰሰ ግን ታሪካዊ ነው። ነገሩ በትልልቆቹም ያለ ነው። የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 የተከፈተ የባቡር ጣቢያ ነበር፤ የለንደኑ ቴት ሞደርን ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ። እዚያ ግን ሥዕሎቹ የገቡት ባቡሮቹ ከወጡ በኋላ ነው። እዚህ አይጦቹ ገና አልወጡም።

ተውኔቱ እስኪጀመር በምድር ቤቱ ጋለሪ እንድንዘዋወር ተጋበዝን። ጋለሪ ውስጥ የሰው ሁሉ አካሄድ ይለወጣል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ድንበር እንደሚያካልል ሽማግሌ ቀስ እያለ ይራመዳል። እኔም አጣመርሁ። ከአንድ ቀይና ጥቁር ሥዕል ፊት ቆሜ ገና ሰሙን ስፈልግ፣ አጠገቤ የነበሩት ባለ መነጽር ሰው ወርቁን ጨርሰው ወደሚቀጥለው አለፉ። አልቀናሁም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የአንሪ ማቲስ አንድ ሥራ ለ47 ቀናት ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው፣ መቼም እጁን አጣምሮ ይሆናል፣ በፊቱ አልፏል። በመጨረሻ ጉዱን ያወጣችው የአክሲዮን ደላላ ናት።

ይህን እያሰላሰልሁ ጥግ ላይ ካለው ሥራ ደረስሁ። ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ፤ በስንጥቁ ላይ አግድም የተለጠፈች ቀጭን መስታወት፤ በመስታወቷ ላይ የተጻፈ ቀን። ቁስልና ጊዜ! በረጅሙ ተነፈስሁ። የእኔን መተንፈስ ያዩ ሦስት አራት ሰዎችም ከኋላዬ መጥተው ተነፈሱ። ይኼኔ ወጣቱ ጥበቃ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እሱ እንኳ ሥዕል አይደለም። ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲሶቹ የለጠፉት ነው። መስታወቱ ከተሰበረ እንወጣለን» አለኝ።

«ቢሆንም መንፈስ ይነካል» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ።

ወደ አዳራሹ ስንገባ የደረሰኝ ወንበር ከምሰሶ ጀርባ ነው። ምሰሶው ቅርስ ነውና አይነካም፤ አንገቴ ግን ቅርስ ስላልሆነ ይጣመማል። ጀግናው በምሰሶው ግራ ጎልማሳ ሆኖ ገብቶ በቀኙ ሽበት አብቅሎ ወጣ። በመካከሉ ምን እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎኔ የተቀመጡት ግን አልቅሰዋል፤ እኔም ከሰው ላለመለየት አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ። መብራት ሲበራ ጭብጨባ፣ ሲጠፋ ጭብጨባ፣ ወንበር ሲወድቅ ጭብጨባ። የሮማው ኔሮን ለራሱ ዘፈን የሚያጨበጭቡ ከ5,000 በላይ ወጣቶች አሠልጥኖ ነበር። እርሱ ሲዘፍን መውጣት ክልክል ስለ ነበር፣ የሞቱ መስለው በቃሬዛ የወጡ ተመልካቾች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንየስ ይነግረናል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ቴአትር ቤቶችም ለአጨብጫቢ ይከፍሉ ነበር፤ ለብቻው የሚስቅ፣ ለብቻው የሚያለቅስ፣ «ይደገም!» የሚል ባለሙያ ነበራቸው። አማተር ቴአትር ይህን ወጪ አያውቀውም። አክስት አለው።

ሦስተኛው ትዕይንት ደረሰ። የአክስቴ ልጅ ደብዳቤውን ይዞ ገባና ቆመ። አዳራሹን አየ፤ አዳራሹም አየው። አስታዋሹ ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ አለ። አልሰማም። ደገመ። አሁንም አልሰማም። በዚህ ጊዜ ሁለት ረድፍ የሞላን ቤተሰብ፣ ማንም ሳያዝዘን፣ በአንድ ድምፅ «ጌታዬ፣ ከከተማ የመጣ ነው!» አልን። ጌታውም ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ እኛ ዞረና «አመሰግናለሁ» አለ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። የእኔ ሐሳብ ምድር ቤት፣ መስታወቷ ላይ ነበር።

ስንወጣ አዘጋጁ በር ላይ ቆሞ፣ ተመልካቹን የተውኔቱ አካል ማድረግ የቆየ ሕልሙ እንደ ነበረ ለባለ መነጽሩ ሰው ያስረዳል። አክስቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ለሚቀጥለው ተውኔት ልጃቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶታል። ከቦርሳቸው የታጠፈች ወረቀት አውጥተው እጄ ላይ አኖሩና፣

«ሁለተኛዋን አንተ ያዛት» አሉኝ።