ከመረረ ያድናል

ዛሬ ወገኔን ላመስግን። ሌላው ዓለም የባህል መድኃኒት ለመፈተሽ ላብራቶሪ ይገነባል። እኛ ጎጃሞች ምላስ አለን። ይመራል? ያድናል። በጣም ይመራል? ስኳሩንም፣ ጨጓራውንም፣ ቡዳውንም ጠራርጎ ያወጣል። አለቀ።

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወረድኩ። የባህል መድኃኒቱ ዱቄት ማዳበሪያ ላይ ተሰጥቷል፤ አቧራው በነፃ ተጨምሮበታል። ሻጩ ጣታቸውን ላስ አድርገው ፌስታል ለዩ፣ እፍ ብለው ከፈቱት፣ በቡና ሲኒ ሰፈሩልኝ።

«አያ፣ ስንት ማንኪያ ልውሰድ?»

«እንደ አቅምህ ነዋ፣ አንተየ!»

የትኛው ፋርማሲ ነው እንዲህ የሚያምንህ? አያቶቻችን እንኳ ኮሶን ለክተው ነበር የሚያጠጡት፤ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ ያውቁ ነበርና። እኛ ልኩን ጥለን ምሬቱን ይዘናል።

የላብራቶሪ ሰዎች ግን ምቀኞች ናቸው። ዱቄቱን በጥብጠው ሳህን ላይ ያሳድሩና የበቀለውን ባክቴሪያ ይቆጥራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሳይፈላ እንዲሁ ለሚዋጥ ዕፅ በግራም ከ100,000 ባክቴሪያ አይለፍ ይላል። ኢ. ኮላይ የሚሉት የአንጀት ባክቴሪያ ከ10 አይብለጥ፣ ሆድ የሚያሳምመው ሳልሞኔላ ጭራሽ አይግባ። ምን ዓይነት ንፍገት ነው? እኛ እንግዳ ቆጥረን አናውቅም።

ሌላም ሙከራ አላቸው። የዕፁን ጭማቂ ትንሽ ክብ ወረቀት ያስጠጡና ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ያስቀምጡታል። በ37 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት ወረቀቱን የከበበ ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ ዕፁ ባክቴሪያውን ከልክሏል ማለት ነው፤ በሚሊሜትር ይለኩታል። ሳህን ሆድ አይደለም፣ ጉበትም የለውም ይላሉ። ይበሉ! ወሬው ገበያ ሲደርስ ቀለበቱ ካንሰር ፈውሷል።

ደግሞ ያው ባክቴሪያ የሚገድል ዱቄት ራሱ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይገኛል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ድርቀትና ሙቀት የሚችል ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል። መድኃኒቱም በሽታውም በአንድ ፌስታል! እንዲህ ያለ ቅናሽ የት ይገኛል?

ከእኔ ቀጥሎ የገዛው ጎልማሳ ቤት እስኪደርስ አልታገሠም። እዚያው ቃመው። ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ይኼ ነው መድኃኒት ማለት!»

ከዚያ ሱቅ ገብቶ አንድ ሃይላንድ ውኃ ገዛ። ክዳኑ መታሸጉን አገላብጦ አየና ጠጣ።