ለ«ኢንግ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር «ኢንግ»
በእንግሊዝኛ ግሦች ጅራት ላይ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ከስም ቀጥለው በተቀመጡ ቁጥር ስለሚያደርሱብን እንግልት ይህን ደብዳቤ ከጎጃም የምንጽፍልዎ በታላቅ አክብሮት ነው። በአገራችን ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ከእርስዎ መሸሽ አይቻልም። «አይ ሜት ማይ ቲቸር ካሚንግ ፍሮም ደብረ ማርቆስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይቀርብለትና ከደብረ ማርቆስ የመጣው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ምርጫው «ሀ. እኔ» እና «ለ. መምህሩ» ብቻ ነው። ልጁ የእርሳሱን ጫፍ ይነክሳል። መምህሩ እየመጡ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሲመጣ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሊሆን ይችላል። በእኛ ቋንቋ «ስመጣ» ካልሁ እኔ ነኝ፤ «ሲመጡ» ካልሁ እሳቸው ናቸው። (እርግጥ «ስትመጣ» የምንለው አንተንና እሷን ያደባልቃል፤ እሱን የቤታችን ጉዳይ ያድርጉልን።)

የባሕር ዳሩ ሥራዎ ደግሞ ይብሳል። ጣና ዳር «ማን ኢቲንግ ፊሽ» ተብሎ ያለ ጭረት ቢጻፍ ዓሣ የሚበላ ሰው ነው፤ በመካከሉ አጭር ጭረት ከገባ ግን ሰው የሚበላ ዓሣ ይሆናል። ዘመናቸውን በሙሉ መጥበሻ ላይ ያለቁት ቀረሶና አምባዛ በአንዲት ጭረት ሰው በላ ተብለው ሲከሰሱ ክቡርነትዎ ምንም አልተሰማዎትም።

የዘር ሐረግዎን ስንመረምር ነገሩ ተገለጠልን። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኤንዴ» ገላጭ ቃል፣ «ኡንግ» ደግሞ የድርጊት ስም ያበጁ ነበር፤ በኋላ ሁለቱ መልካቸው ተቀላቅሎ እርስዎን ሆኑ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎች በአንድ መታወቂያ ይንቀሳቀሳሉ። «አይ ዶንት ላይክ ማይ ብራዘር ሲንጊንግ» ሲባል የተጠላው ወንድምየው ነው ወይስ ዘፈኑ? እ.ኤ.አ. በ1906 ፋውለር የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ከፊትዎ ያለው ስም የባለቤትነት ምልክት ይልበስ፣ «ማይ ብራዘርስ ሲንጊንግ» ይባል ብለው ገሠጹዎት፤ ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን ደግሞ ጠበቃዎ ሆኖ ቆመ። ሊቃውንት የተሟገቱበትን ጉዳይ የእኛ ልጅ በአንድ ደቂቃ ፈርዶ እንዲያጠቁር መጠበቁ ግን ግፍ ነው።

ሁለት ትርጉም ያስደነግጣቸዋል ብለው እንዳይገምቱን። የቅኔ መንደሮቹ ዋሸራና ዲማ በእኛው አገር ናቸው፤ በሰምና ወርቅ ያደግን ነን። ይሁን እንጂ ቅኔ የዘረፈ ተማሪ ወርቁን የት እንደሸሸገ ያውቃል፤ መምህሩ ፍታ ሲሉት ይፈታል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ግን ፍታልን ስንለው «ከዐውዱ ተረዱት» ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ወደፊት ከባለድርጊቱ ጎን እንዲቀመጡ፣ ወይም «ሁ ዋዝ» የሚባሉትን ሁለት ቃላት አስቀድመው እንዲመጡ እንጠይቃለን። ይህ ለክብርዎ የማይመጥን ከሆነ «ሐ. ሁለቱም ሊሆን ይችላል» የሚል ምርጫ እንዲጨመር በፊርማዎ ይፍቀዱልን።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፈተና አውጪዎች