ቅሬው ለተረፈ ሰው አይከፍልም

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚያዝን እንጂ ግራ የሚጋባ የለም። የድንኳኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የመቃብር ቁፋሮው ተራ የማን እንደሆነ፣ ከየቤቱ ስንት ብርና ስንት እንጀራ እንደሚወጣ በቅሬው (ሌላው አገር እድር በሚለው) መዝገብ ሰፍሯል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚቀባበር ስለሆነ ጸሐፊው የሁለቱንም ወግ በቃሉ ይወጣዋል። ጭንቁ የሚመጣው ሰውየው በስትሮክ ወድቆ ሳይሞት ሲቀር ነው። የብዙው ቅሬ ደንብ «በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ማድረስ» ይልና ቀጥሎ በቀጥታ ወደ ቀብር ይሻገራል። በሁለቱ አንቀጾች መሀል የተኛ ሰው ባለቤት የለውም።

እሱን የሚረከበው ኮሚቴ ነው። በሽተኛው ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት፣ ያን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጀምሮ ኮምቦልቻን ሳያልፍ ኮሚቴው ተመርጦ ያድራል፦ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተር፣ በተጨማሪም ሥራ ያልተገኘለት ነገር ግን ከተተወ የሚቀየም አንድ አጎት። አጎትየው «አስተባባሪ» ይባላል። የመጀመሪያው አጀንዳ ፎቶ ነው። ግማሹ በሠርግ ላይ ሱፍ ለብሶ የተነሳው ይውጣ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ይኼን ያየ ሰው አበድረን ይላል እንጂ መች ይረዳዋል!» ብሎ ኦክስጅን የተሰካበትን ያመጣል። ሁለቱም ጎን ለጎን ባነር ላይ ይወጣሉ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ይጫናል፤ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያልሰማ ጆሮ አይኖርም።

የሒሳብ ቁጥሩ ላይ ግን ቀስ ማለት ይሻላል፤ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ብዙ ቤተሰብ የበሽተኛውን የራሱን ደብተር ይለጥፋል። የአንጎል ግራ ጎን ሲመታ የሚሰንፈው የቀኝ እጅ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ንግግርም የሚመራው ከዚያው ከግራው ጎን ስለሆነ አንደበቱም አብሮ ሊያዝ ይችላል። ገንዘቡ ይገባል፣ ማውጫው ፊርማ ግን ከእጁ ጋር ደንዝዟል። ውክልና ይስጥ ሲባል ደግሞ «እሺ» የምትለዋ ቃል የለችም። ስለዚህ ሒሳቡ ከመጀመሪያው በሦስት ሰው ስም ይከፈት፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይንቀሳቀስ፣ ከሦስቱም አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ጎረቤት ይሁን። ሦስቱም እዚሁ ከተማ የሚገኙ ይሁኑ፤ ጅዳ ያለች ፈራሚ ለክብር ትሆናለች፣ ለባንክ አትሆንም።

የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። ከዜሮዎቹ አንዱ ባነሩ ላይ ከተዘለለ ገንዘቡ ለማንም አይደርስ፤ ሌላ አሃዝ ከተሳሳተ ደግሞ ለማይታወቅ ሰው ሲሳይ ሊሆን ይችላል። ከማሳተም በፊት አንድ ሰው ከባነሩ ረቂቅ ላይ ቁጥሩን እያነበበ 10 ብር ይላክ፤ ስልኩ ላይ የሚመጣው ስም የማን እንደሆነም ይነበብ። ደረሰኙን በተመለከተ አንድ ስክሪንሾት በአባት ወገን ግሩፕም በእናት ወገን ግሩፕም ይለጠፍና ሁለት ጊዜ ይደመራል። ሁለት ሺሕ የሰጠ ሰው አራት ሺሕ እንደሰጠ ተቆጥሮ ሲመሰገን «ኧረ ሁለት ነው» ብሎ ያረመ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኦዲተሩ ሳምንት በሳምንት የባንክ መግለጫ አስወጥቶ ካላመሳከረ፣ በወሬ የተሰበሰበው ከባንኩ ይበልጥና ልዩነቱን አጎትየው በልቶታል ይባላል።

አሜሪካ ያለው የአክስት ልጅ ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ) እከፍታለሁ ካለ ጥሩ ነው፤ ኢትዮጵያ በቀጥታ ከሚከፈልባቸው አገሮች ስለሌለች በስሙ ከፍቶ በባንኩ ተቀብሎ ይላክ። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፤ በአምስት ዶላር ላይ 45 ሳንቲም ያህል መሆኑ ነው። እሱ ግን ገና ርዕስ ሲያማርጥ፣ 1,000 ሪያል አካባቢ የሚከፈላት የጎረቤት ልጅ ከሪያድ በኢሞ ደውላ፣ አልቅሳ፣ ልካ ጨርሳለች።

ከዚያ ሰውየው ተርፎ ይመጣል፤ ጠያቂም ይመጣል። ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓው፣ ይጠራል፤ ክርስቲያኑም ጥግ ይዞ «አሚን» ይላል። እዚህ ላይ ኮሚቴው «የዱዓው ጫት ከየትኛው በጀት ይውጣ?» በሚል እስከ እኩለ ሌሊት ይሰበሰባል። ጠያቂው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ፣ ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው አንድ ሳጥን ለስላሳ አስቀምጦ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ «ትንሽ ቅመስ» ብሎ ጋደም እንዳለ ያጎርሰዋል። በስትሮክ የደከመ ጉሮሮ ቀጭን ፈሳሽን ወደ ሳንባ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ቀና ብሎ ሳይቀመጥ፣ መዋጡንም ሐኪም ሳያይለት ውኃም ቢሆን አይሰጥም። ሁሉም ጠያቂ የማይተዋት ሌላ ምርመራ አለች፦ «እስቲ ጨብጠኝ!» ብሎ የሰነፈውን እጅ መጎተት። ያ ትከሻ ጡንቻው ላልቷል፤ ሲስቡት ከመገጣጠሚያው ሊንሸራተት ይችላል። ጠያቂነቱ ካልቀረ በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛውን በጎን የማገላበጥ ተራ ይሰጠው፤ ጀርባው እንዳይቆስል። ይህ ከተነገረ በኋላ ቡናው ሳይፈላ የሚሄደው ሰው ብዛት!

እውነተኛው ወጪ የሚጀምረው ሞንታርቦው ወደ ሠርግ ከሄደ በኋላ ነው። የግፊቱ ክኒን በየቀኑ ይዋጣል፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆመ ሰው ሁለተኛውን ስትሮክ እየጠራ ነው። ፊዚዮቴራፒው በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን በ12 ሳምንት 36 ምልልስ፣ በባጃጅ ሲቆጠር 72 ጉዞ ነው፤ መሻሻሉ ደግሞ ፈጠን የሚለው በእነዚያ መጀመሪያ ወራት ነው። ዳይፐሩን የሚጠራው የለም፤ ባነር ላይ አይጻፍማ። ከውጭ የመጣው ተሽከርካሪ ወንበር ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት አልወርድ ብሎ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከምሮበታል፤ በእሱ ዋጋ ስንት የባጃጅ ኮንትራት ይያዝ ነበር! 40 ሰው በአንድ ጊዜ ሺሕ ሺሕ ብር ቢያዋጣ 40,000 ነው፤ በሲቲ ስካን፣ በአልጋና በመንገድ ያልቃል። ያው 40 ሰው እንደ እቁብ ቀን ተቆርጦለት በየወሩ 300 ቢጥል በወር 12,000፣ በስድስት ወር 72,000 ይሆናል። ይህን ሐሳብ ያነሳ ሰው ግን ይጨበጨብለትና ሰብሳቢ ተብሎ ይመረጣል። ለዚህ ነው የማይነሳው።

በአምስተኛው ወር ሰውየው ከዘራ ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ በራሱ እግር ወደ ቅሬው ስብሰባ ይመጣል። ሁሉም ይነሳለታል፣ እልል ይባላል፣ ይመረቃል። ጸሐፊው እንባውን ጠርጎ መዝገቡን ይገልጣል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ እንኳን አላህ አፊያ አረገዎ። አራት ስብሰባ ቀርተዋል፤ በ20 ብር 80 ብር ነው ቅጣቱ። በቴሌብርም ይቻላል።»