ድግግሞሽ እንዳይሆንባችሁ ብለው ነው

የበላበትን ወጪት የማይሰብር ሰው ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ፣ እስቲ ወደ አሜሪካ ዜና ቤቶች ዞር በሉ። ጨዋነት እዚያ ነው ያለው!

ዋሽንግተን ፖስትን ውሰዱ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ለምንኖር ሐበሾች የሰፈራችን ጋዜጣ ነው። የአማዞኑ ባለሀብት ጌታው ጄፍ ቤዞስ በፈረንጆቹ 2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። በ2024 ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ የርዕሰ አንቀጽ ክፍሉ ካማላ ሃሪስን የሚደግፍ ጽሑፍ አርቅቆ ሳለ፣ "ከእንግዲህ ለፕሬዚዳንትነት ማንንም አንደግፍም" ተባለ። ገለልተኝነትም እንደ ጾም የሚያዝበት ቀን አለው መሰለኝ።

የእኔን ልብ የነካው ግን የካርቱኑ ነገር ነው። አን ቴልኔስ የምትባል ሠዓሊያቸው ቤዞስንና ሌሎች ባለሀብቶችን፣ የገንዘብ ከረጢት ይዘው የትራምፕ ሐውልት ሥር ተንበርክከው ሣለቻቸው። የዲዝኒ ኩባንያው ሚኪ ማውስ ሳይቀር በግንባሩ ተደፍቷል። ሥዕሉ አልወጣም። አለቃዋ ምን አለ? በዚሁ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ ወጥቷል፣ ሌላም ሊወጣ ነው፣ ድግግሞሽ ይሆናል። እንዴት ያለ ለአንባቢ ማሰብ ነው! እሷ ግን ይሄ አልገባትም፤ በጃንዋሪ 2025 ሥራዋን ጥላ ወጣች። በሜይ ደግሞ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት ሸለሟት። እንዲህ ነው ባለጌን የሚያበረታቱት።

በዚያው በ2025 ፌብሩዋሪ ጌታው የአስተያየት ገጹ ሁለት ነገር፣ የግል ነጻነትንና ነጻ ገበያን፣ እየደገፈ እንደሚጽፍ አስታወቁ። በየቀኑ። (ይሄኛው ድግግሞሽ አይደለም፣ አቋም ነው።)

ድግግሞሽ የሚወድም አለ። ሲንክሌር ይባላል፣ በየከተማው የቲቪ ጣቢያ ያለው ኩባንያ ነው፣ ዋና ቤቱ እዚሁ ሜሪላንድ ነው፣ የአካባቢያችን ቻናል 7ም የእሱ ነው። በ2018 በየከተማው ያሉት ዜና አንባቢዎቹ ከላይ የተላከላቸውን አንድ ወረቀት አነበቡ፣ ስለ ሌሎች ሚዲያዎች የሐሰት ዜና የሚያስጠነቅቅ። ቪዲዮውን ሰዎች ገጣጥመው ሲያሳዩን፣ የኔታ ሀ ሲሉ ሀ እንደሚሉ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአንድ አፍ፦ "ይህ ለዴሞክራሲያችን እጅግ አደገኛ ነው።"

ይሄን ሁሉ ቡና ቤት ውስጥ አንድ የቀድሞ ታክሲ ነጂ አዛውንት ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ፣ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ ቻናል 7 ላይ ነው።

"ታዲያ" አሉ፣ "ኢቲቪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያማነው በከንቱ ነዋ!"

ከዚያ ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ጨመሩት።