«መልካም» ማለት መልክ ያለው ማለት ነው

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ የተለጠፈ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብሁት። «ገንዘብ ያዥ፣ ሴት፣ ዕድሜ 18–25፣ መልከ መልካም።» ብር ለመቁጠር መልክ ምን ይሠራል? አጠገቤ ዲፕሎማዋን በፌስታል ይዛ የቆመች ልጅ መጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች።

ቀጣሪውን ብቻ አልወቅስም። ነገሩ አፋችን ውስጥ ነው ያለው። «ሀብታም» ሀብት ያለው፣ «ጉልበታም» ጉልበት ያለው ከሆነ «መልካም»ስ? መልክ ያለው። እኛ ጎጃሞች «ሸጋ ልጅ» ስንልም ፊቱን ይሁን ጠባዩን እንዳመሰገንን ራሳችንም አንለየውም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ አሳዩ። ቆንጆዎቹ ጠባየ ሸጋ፣ ጥሩ ሥራ የሚይዙ፣ ትዳር የሚቀናቸው ተባሉ። በፎቶ ብቻ! ያልበለጡት ጥሩ ወላጅ ይሆናሉ ወይ ሲባል ነው። ኪስም ይነካል፦ ሃመርመሽና ቢድል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ1994 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ መልካቸው ዝቅ ተብሎ የተገመተ ሠራተኞች መካከለኛ መልክ ካላቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ያገኙ ነበር። አባቶቻችን «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ብለዋል፤ ስም ግን ደመወዝ አይሆንም።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። መምህር ነኝ። አንድ ማታ ድርሰት ሳርም ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ገጠሙኝ፤ ሐሳባቸው እኩል፣ ስህተታቸው እኩል። ከ10 ለአንዱ 8፣ ለሌላው 6 ሰጥቻለሁ። ባለ 8ቱ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ዓይነ ግቡ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ልጅ ነው። ባለ 6ቱ ፊቱን ብጉር የወረሰው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚውለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ላንዲና ሲጋል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውት ነበር፦ ድርሰቱ ላይ የቆንጆ ሴት ፎቶ ሲኖር ማርኩ ከፍ ይላል፤ ይበልጡን ደግሞ ድርሰቱ ደካማ ሲሆን።

የልጁን ማርክ አስተካከልሁ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን አጥፌ ነው የማርመው። ሰሞኑን ግን ከፍ ያለ ማርክ የሰጠኋቸውን ወረቀቶች ለይቼ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ሆኖ አገኘሁት።