የበሩ መረጃ ከበሩ ጋር ይሂድ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሕንፃ ዕቃዎች ዲጂታል ፓስፖርት (የዕቃውን መረጃ የያዘ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ) ቢኖራቸው ሕንፃው ሲፈርስ ዕቃው መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ይላል። እስማማለሁ። ግን ትልቁ ሥራ ፓስፖርቱን ማውጣት አይደለም፤ መረጃውን በየጊዜው ማደስ ነው።

አንድ እሳት የሚከላከል በር እንውሰድ። ፋብሪካው ስንት ደቂቃ እሳት እንደሚቋቋም አስፈትኖ ይመዘግባል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ቁልፉን ይቀይራል፣ ሌላው ለኬብል ይበሳዋል። ይህን ማንም ካልመዘገበ በሩ ሲነቀል የፋብሪካው ወረቀት ዋጋ የለውም። ደህናው በርም አብሮ ይጣላል። ያሳዝናል! በአውሮፓ ኅብረት ከሚወጣው ቆሻሻ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከግንባታና ከማፍረስ የሚመጣ ነው እኮ።

የኅብረቱ አዲሱ የግንባታ ምርቶች ደንብ (ቁጥር 2024/3110) ዲጂታል ፓስፖርትን አካትቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ወረቀት ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ መጫን በቂ አይደለም። መረጃውን ኮምፒውተር ራሱ አንብቦ መለየት መቻል አለበት። ወደ መረጃው የሚያደርሰው መለያ ኮድም ዕቃው ላይ፣ ቀለም በማይሸፍነው ቦታ ይለጠፍ። ጥገና የሠራ ባለሙያም ኮዱን በስልኩ ስካን አድርጎ የቀየረውን እስኪመዘግብ ድረስ ክፍያው ባይለቀቅለት እላለሁ።